መዝጊያዋ ክፍት ትደር

ያ ጉዳይ በጠቅላላው ያስከፈለኝ አንድ የካርቡሬተር መርፌ፣ አንድ ሙሉ የሞተር ዘይት፣ የሁለት ሸሚዝ እጅጌና አንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ አፌ ውስጥ የከረመ የቤንዚን ጣዕም ነው። መርፌውንም ዘይቱንም ሸሚዙንም ረስቻቸው ነበር። ጣዕሙን የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን መንገድ ዳር ቤንዚን በፕላስቲክ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ፍራሽ ሊገዛ ሱቄ ገባ። ተከራከርን፣ ተስማማን፣ ከፈለኝ፣ ፍራሹን ባጃጅ ላይ አስሮ ሄደ። ብሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ደንበኛ መልስ ልሰጥ መሳቢያውን ስስበው የሱቁ አየር ተለወጠ። ብርድ ልብሱም፣ መጋረጃውም፣ የራሴ ጣትም ቤንዚን ቤንዚን አለ። ምላሴ ሥር ያ ጣዕም መጥቶ ቁጭ አለ። ደንበኛው ዋጋ እየጠየቀኝ ዝም አልኩት። እኔ ዋጋ ተጠይቄ ዝም ካልኩ አንድም ታምሜያለሁ፣ አንድም እዚህ የለሁም።

ልንገርህ።

ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ሸፍኖ የሚሄድበት የኮሮናው ዓመት ነበር። ጺሜ ገና አንድ ጎኑ በቅሎ ሌላው ጎኑ እያሰበበት ነበር። ሚኒባሶቹ ግማሽ ሰው ጭነው የሙሉ ያስከፍላሉ፤ ወደ ድንበሩ መንገድ ላይ አውበሬና ሸደር ያሉ ዕቃ የማቀብላቸው ባለሱቆች ሳሙና አለቀ፣ ፓስታ አለቀ እያሉ ይደውሉልኛል። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ያን ጊዜ በጅግጅጋ እንደ ሙሽራ ይለመን ነበር። እኔ ሞተር አልነበረኝም። የነበረኝ ከአንዲት ሶማሌ አሮጊት ግቢ የተከራየኋት አንድ ክፍልና፣ ከክፍሌ በር ፊት ለፊት፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር፣ በሸራ ተሸፍና የምትቆም የሰው ሞተር ነበር።

አከራዬን ኤዶ እላት ነበር። አክስቴ እንደማለት ነው፤ አያቱ በወታደርነት መጥቶ የቀረ እንደኔ ያለ ክርስቲያንም ቢሆን እዚያ ከተማ ካደገ ትልልቅ ሴት ሁሉ ኤዶው ናት። እሷ ደግሞ ሆዮ ትለኛለች። ሆዮ እናት ማለት ነው። ሶማሌ እናት ልጇን መልሳ በዚያው በራሷ መጠሪያ ነው የምትጠራው፤ "እናቴ ና፣ እናቴ ብላ" እንደማለት። መጀመሪያ ስትጠራኝ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ከእኔ በፊት በዚያ ግቢ ሆዮ እየተባለ የሚጠራ ሌላ ሰው እንደነበር ገባኝ። ልጇ። ሞተሯም የእሱ ናት።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ልጁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተሯን ሰልባትዮ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ማለቴ ነው፣ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ዛፉ ሥር ፊቷን ወደ ግቢው በር አዙሮ አቆማትና "አመሻሽ ላይ መጣሁ" ብሎ በእግሩ ወጣ። በቃ። ሰፈሩ ባሕር ሊሻገር ሄዷል ይላል፤ ያን መንገድ የማን ልጅ ያልሞከረው። ነገር ግን የሚሄዱት ልጆች ይደውላሉ። እነሱ ባይደውሉ ያገቷቸው ሰዎች ይደውላሉ። ለኤዶ ማንም አልደወለም። "ሊቀር ያሰበ ሰው ሰልባትዮ ይሞላል?" ትላለች። እኔ ደግሞ በነጋዴ ጭንቅላቴ፣ ሊቀር ያሰበ ሰውማ ሞተሩን ሸጦ ይሄድ ነበር እላለሁ። የሁለታችንም ስሌት አንድ ቦታ ያደርሰን ነበር፤ ልጁ የትም ለመሄድ አላሰበም ነበር። ታዲያ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በዚያ ግቢ አልነበረም።

ሞተሯን እንድታከራየኝ ብዙ ለመንኳት። ሻይ ቅጠሏን፣ ስኳሯን፣ የግመል ወተቷን እየተመላለስኩ አቀረብኩ። በመጨረሻ ዛፉ ሥር ወስዳ አቆመችኝና ውሏን በአፏ ነገረችኝ።

"ፀሐይ ሳትገባ ትመልሳታለህ። እሱ ያቆመበት ታቆማታለህ፣ ፊቷ ወደ በሩ። መዝጊያዋ ክፍት ትደር።"

መዝጊያዋ ከሰልባትዮው ሥር ያለች፣ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተሩ የምትለቅና የምትይዝ ትንሽ ቁልፍ ናት። ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ማታ ይዘጋታል።

"ለምን ክፍት ኤዶ?"

"ሲመጣ ቸኩሎ ከሆነስ? በጨለማ ሲዳብስ ይደር? እሱም ክፍት አድርጓት ነው የሄደው።"

እሺ አልኩ። ለሞተሯ ስል የክፍልህን በር ክፍት አሳድር ብትለኝም እሺ እል ነበር።

ሸራውን ስንገልጥ ልጁ ሞልቶት የሄደው ሰልባትዮ ደርቆ ተገኘ። መሬቱ ላይ የቤንዚን ጠባሳ የለም። እሷ አልገረማትም። "ይጠጣል" አለች፤ ስለ ሞተሯ ይሁን ስለ ልጁ አልለየችልኝም።

መካኒኩ የድሬ ሰው ነበር። አቦ ሳይል የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር አልነበረውም፤ የሚያፍርበት ነገርም አልነበረውም። ዘይቷን ሲያፈስ እንደ ቀጭን ሻይ ወረደ። "አቦ ዕድሜ ነው፣ ሲቆም ውሃ ይሆናል" አለና ቀየረው። ሞተሯ ተነሳች። በዚያ ቀን ሳሙና ጭኜ አውበሬ ደርሼ ፀሐይ ሳትገባ ተመለስኩ፤ ለነገ ብዬ ሰልባትዮውን ሞላሁ፣ ክዳኑን ቆለፍኩ፣ መዝጊያዋን እንደታዘዝኩት ክፍት ትቼ ተኛሁ።

ጠዋት ከሰልባትዮው አንድ ሦስተኛው የለም። መሬቱ ደረቅ ነው።

እኔ ከመናደዴ በፊት ኤዶ ደረሰች። ረዘም ያለ የመፋቂያ እንጨት ይዛ ነበር። ክዳኑን እንድከፍትላት በአገጯ አመለከተችኝ፣ እንጨቱን ነከረች፣ አወጣች፣ እርጥቡ ያበቃበትን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲፈካ ታውቃለህ?

"ሌሊት አውበሬ ደርሶ መጥቷል" አለችኝ። ከዚያ በወተት የተፈላ ሻይ አመጣችልኝ፣ ራሷም ጠጣች። ሴትየዋ እኔ ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት ላይ አንዳች ነገር ስትቀምስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ በየጠዋቱ እንደዚያ ሆነ። ብዙ ከጎደለ "እስከ ድንበሩ ሄዷል"፣ ትንሽ ከጎደለ "ደክሞት ይሆናል፣ ሸደር ጋ ተመለሰ" ትላለች። የልጇን መንገድ በዚያች እንጨት ታነበዋለች። እኔ ደግሞ ሞተሯ የራሴን ትርፍ ስትጠጣ አያታለሁ። ለእሷ ልጇ ነው የሚጠጣው፣ ለእኔ የሳሙናዬ ትርፍ ነው የሚጠጣው፤ ሁለታችንም አንድ ሰልባትዮ ላይ ጎንበስ ብለን ነበር የምናድረው፣ የምንውለው።

መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ።

"አቦ ሌባ ነው" አለኝ።

"ክዳኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ኪሴ ነው የሚያድረው።"

"እንግዲያ ቁልፍ ያለው ሌባ ነው።"

"ከታች በቤንዚኑ ላስቲክ ቢቀዳስ?"

"ቢቀዳማ መሬቱ ይሸት ነበር። አቦ ወይ አከራይህ ናት፣ ወይ ጂን ነው። ሁለቱንም እኔ አልጠግንም።"

ይህን ካለ በኋላም ቢሆን ላስቲኩን ቀየረ፣ የካርቡሬተሩን ዙሪያ አጠበቀ፣ ሒሳቡን ተቀበለ። በማግስቱ ሰልባትዮው እንደልማዱ ጎድሎ አደረ።

ወጥመድ አጠመድኩ። ከሥሯ የፓስታ ካርቶን አነጠፍኩ፤ ጠዋት ካርቶኑ እንደ አዲስ ደረቅ ነው። ከዳቦ ቤቱ አመድ ለምኜ ዙሪያዋን ነሰነስኩ። ጠዋት አመዱ ላይ ያለው የኤዶ ነጠላ ጫማ ዱካ ብቻ ነው፤ ከበሯ ይመጣል፣ በሞተሯ ግራ በኩል ጎን ለጎን ይቆማል፣ ይመለሳል። በዚያ በኩል ነው ሰው ሞተር ላይ የሚወጣው። ጤዛው ወንበሯን ሙሉ አልብሶት ነበር፣ መሐሉ ላይ ግን ሰው ሲቀመጥ የሚሸፍነውን ያህል ቦታ ደረቅ ነው። ድመት ተኝታበት ይሆናል አልኩ። አመዱ ላይ የድመት ዱካ የለም። ድመት ከዛፍ ላይም ትወርዳለች አልኩ። ማለት የምችለውን ሁሉ አልኩ።

ከዚያ መርገጫዋ እንቢ አለችኝ። ማስነሻዋን ስረግጥ ሌላ ጊዜ ቀስ ብላ የምትሰምጠው ነገር ግማሽ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ክብደቴን ጣልኩባት። መልሳ ገፋችኝ። ከሥር ሆኖ በእግሩ የሚገፋኝ ሰው ያለ ይመስል። ኤዶ ከበሯ እያየች ነበር። "አትቸኩልበት ሆዮ፣ ገና መውረዱ ነው" አለችኝ። ትቻት ልሄድ ዳዳኝ፤ ነገር ግን ባትሪ ድንጋይ የሚጠብቅ ባለሱቅ ነበረኝ፣ ካንዴላዋን ፈትቼ ጠረግሁ፣ ብዙ ታግዬ ስትነሳ ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ። በዚያ ጭስ መሐል ኤዶ አልራቀችም። ዓይኗን ጨፍና ወደ ውስጥ ትስበው ነበር።

በዚያው ሳምንት ይመስለኛል፣ በአውበሬ መንገድ ላይ ጭጋግ ሜዳውን ሸፍኖት ፍየል የምትጠብቅ አንዲት ሴት እጇን አንስታ አስቆመችኝ። የሚጠጣ ውሃ ነበር የፈለገችው። ሰጠኋት።

"ዋርያ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የምትመላለሰው?" አለችኝ፤ ዋርያ ስማኝ ልጅ እንደማለት ነው።

"አሁን ገና መምጣቴ ነው።"

"ጎህ ሲቀድ አልፈሃል። ድምፅዋን አውቀዋለሁ፣ ትስላለች እኮ ይቺ ሞተር።"

"ሌላ ሞተር ይሆናል።"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "እንግዲያ እንደሷ የምትስል ሌላ አለች" ብላ ውሃዬን ጨርሳ መለሰችልኝ። ለኤዶ ይህን አልነገርኳትም። ብነግራት ሞተሯን መጠበቁን ትታ ልጇን ፍለጋ ሜዳውን ነበር የምትይዘው።

መፍትሔው የመጣው ከራሴ ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲጎድል ልምድ የሌለው ሰው በሩን ያያል። እኔ መደርደሪያዎቹን አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዕቃ ቦታ ለውጦ ሌላ ዕቃ ኋላ ነው የሚገኘው። አንድ ከሰዓት የሞተሯን ዘይት መለኪያ መዘዝኩና አየሁ። ዘይቱ ምንም ሳልጨምርበት ከፍ ብሏል። ጣቴን ነክሬ አሸተትኩት። ቤንዚን።

ያን ያህል ሌሊት ከሞተሯ ጠፋ ያልነው ነገር ከሞተሯ ወጥቶ አያውቅም።

መካኒኩ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ አቦ ሳይል መፍቻውን አነሳ። ካርቡሬተሩን ፈታው። ከውስጥ ቤንዚኑ ሲሞላ ገብታ መንገዱን የምትዘጋ የስፌት መርፌ የምታህል ነገር አለች፤ ጫፏ ተበልቶ አልዘጋ ብላለች። ይህም ሆኖ የተረፈው ቤንዚን ከታች ባለች ቀጭን ላስቲክ ወደ መሬት መፍሰስ ነበረበት፣ ለዚያ ነው የተሠራችው። ላስቲኳን ሲነፋት በውስጧ የተወተፈ ነገር ወጣ። የጫት እንጨት ነበር። ልጁ አንድ ቀን ቤንዚን ሲንጠባጠብ አይቶ ሲቅም ከነበረው እንጨት ቆርጦ ወትፎት፣ ተገላገልኩ ብሎ ሄዷል። እኛ አገር ሞተር የያዘ ወጣት ግማሹ ይህን ያደርጋል። መውጫው ሲደፈን ቤንዚኑ ወደ ውስጥ ዞረ፣ ወደ ዘይቱ። መርገጫዋን ከሥር የገፋብኝም ቤንዚኑ ነው፤ ጭሱም፣ ሳሉም።

እንጨቷን በመዳፌ ያዝኳት። በጥርስ ነበር የተቆረጠችው። ሁለት የፊት ጥርሶች፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ወጣ ያለ፣ ጫፏ ላይ ታትመው ይታያሉ። ከዚያ በፊት ያን ልጅ ፎቶውን እንኳ አላየሁም ነበር። ላየው የቻልኩት ያንን ብቻ ነው። ለኤዶ ልወስድላት አስቤ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሒሳብ ስከፍል ዞር ስል የጎረቤቱ ፍየል አንስታ እያኘከቻት ነበር። ፍየሏን አልመታኋትም። ምን ትላታለህ?

"አቦ አሁን ቀላል ነው" አለ መካኒኩ። "መርፌውን ባትቀይርም ችግር የለም፣ ማታ መዝጊያዋን ዝጋ።"

"አልችልም።"

"ጣት የለህም?"

"ውል አለብኝ።"

"እንግዲያ መርፌ ግዛ" አለ።

መርፌው ተቀየረ፣ ላስቲኳ ተከፈተች፣ ዘይቱ ተለወጠ። በዚያን ምሽት እንደ ውሉ ዛፉ ሥር አቆምኳት፣ ፊቷን ወደ በሩ፣ መዝጊያዋ ክፍት። እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ጠዋት ሰልባትዮው ሙሉ ነው። ከደስታዬ የተነሳ ላፏጭ ስል ኤዶ እንጨቷን ይዛ መጣች።

ነከረች። አወጣች። የትናንቱን የጥፍር ምልክት አየች፣ የዛሬውን አየች። ደግማ ነከረች።

"አልመጣም" አለች። ቆይታ፣ "ታሞ ይሆን?" አለች።

ምን ልበላት? መርፌ ነው ልበላት? በሶማሊኛ ካርቡሬተርን ማስረዳት እችል ነበር፤ በማንኛውም ቋንቋ ግን ያንን ፊት እያዩ የሚባል አልነበረም። ሻይ የለም። ቀኑን ሙሉ በሯ ላይ ተቀምጣ ሞተሯን ስታይ ዋለች፤ እኔ ይዣት ሄጄ ስመለስ እዚያው ነበረች፣ ሞተሯ የቆመችበትን ባዶ ቦታ ስታይ የዋለች ይመስለኛል። በማግስቱም ሙሉ። በሦስተኛው ጠዋት እንጨቷን ነክራ አወጣችና "ሆዮ፣ ሞቶ ቢሆንስ?" አለችኝ። ከዚያ በፊት ያችን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያን ምሽት የመግሪብ ሶላቷን ስትሰግድ አንድ የውሃ ፕላስቲክና አንድ ክንድ ላስቲክ ይዤ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ላስቲኩን ሰልባትዮው ውስጥ ከትቼ ሳብኩ። ቤንዚን ስትስበው መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ምላስህን ይነክሰዋል፣ ከዚያ አፍንጫህ በውስጥ በኩል ይቃጠላል። ተፋሁ፣ ፕላስቲኩን ሞላሁ፣ ክዳኑን ቆለፍኩ። ከውስጥ ድምፅዋ እየተነሳ እየወደቀ ይሰማኛል። እሷ ለልጇ ትለምናለች፣ እኔ ልጇን እቀዳለሁ።

ጠዋት እንጨቷን አይታ ምልክቱን በጥፍሯ ጫረች። ከዚያ "ሸደር" አለች። ሻዩ መጣ።

ነጋዴ ነኝና ቤንዚኑን አልደፋሁትም። በየጠዋቱ ከከተማው ወጣ ብዬ ሜዳው ላይ እቆምና ፕላስቲኩን መልሼ ሰልባትዮው ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ ያንኑ ቤንዚን ስንት ጊዜ እንደጠጣነው አላህ ይወቀው። አንዳንድ ቀን ብዙ፣ አንዳንድ ቀን ትንሽ እቀዳለሁ፣ ልጁ መንገድ እንዲለዋውጥ። አንድ ሰሞን ኤዶ ጉልበቷን አሟት ስታዝን ሁለት ፕላስቲክ ቀዳሁላት። "ድንበሩን ተሻግሮ ተመልሷል" ብላ እያነከሰች ለጎረቤት ልታወራ ሄደች። የጉ ዝናብ፣ የበልጉ ማለቴ ነው፣ መጣ፤ እኔም ምግብ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን እያለኝ ከሳሁ።

አንድ ጊዜ ዕቃው በዛና በጭነት መኪና ሸደር ሄድኩ። ሞተሯን ግቢ ትቼ፣ የክዳኑን ቁልፍ እንደልማዴ ኪሴ ውስጥ ይዤ። ጎርፍ መንገዱን ቆረጠና እዚያው አደርኩ። ከመሄዴ በፊት ምንም አልቀዳሁም። ስመለስ ነገሩ አሳስቦኝ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ ብታገኘው ምን ትላለች እያልኩ። ኤዶ እንጨቷን ይዛ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከፈትኩላት።

ጎድሏል። ጥፍሯ ከትናንት ጠዋቱ ምልክት በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ነው ያረፈው።

ዘይቱን አየሁ፤ ልኩ ላይ ነው። ከሥሯ መሬቱን አየሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ምስክር አይሆንም። ምናልባት መርፌዋ ላይ ቆሻሻ ገብቶ አንጠባጥቦ ይሆናል። መካኒኩም እንደዚያ ብሎኛል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን አንጠባጥቦ አያውቅም።

ኤዶ ያን ቀን ስለ መንገዱ ምንም አላለችም። ሻዩን አቀረበችልኝ፣ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ እጅጌዬን ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"ሆዮ" አለች፣ "እሱ ሲጠጣ እጅጌህ አይሸትም ነበር።"

ሻዩ እጄ ላይ ቀረ። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ብጠይቃት "ሽታው ካፍህ ነው የጀመረው" አለችኝ፤ "ጠዋት ጠዋት እንደ ምን አደርሽ ስትለኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ኤዶ?"

"ደክመህ ነው የምትቀዳው። ልከልክህ?" አለች። ሻሿን አስተካከለች። "ትናንት ግን እጅጌህ እዚህ አልነበረም።"

"መርፌው ይሆናል" አልኳት። ያኔ ነበር ሁሉንም የነገርኳት፣ መርፌዋንም፣ የጫቱን እንጨትም፣ ጥርሶቹንም። ስለ ፍየሏ ስነግራት ሳቀች። "አንዱ ጥርሱ ይወጣ ነበር" አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ሁለተኛ አትቅዳልኝ" አለችኝ። "አንተ መሐል ከገባህ የእሱን ካንተ መለየት አልችልም። ከመጣ ብቻውን ይምጣ።"

አልቀዳሁም። ዝናቡ እስኪያልፍ በየጠዋቱ ክዳኑን ከፈትኩላት፣ በየጠዋቱ ነከረች፣ በየጠዋቱ እርጥቡ ያበቃው እዚያው ምልክት ላይ ነው። "ታሞ ይሆን" አላለችም። ሻዩንም አልተወችም፤ አብረን እንጠጣ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣች ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ሜዳው እስከ ሩቅ ይታያል። እንጨቷን አልያዘችም። ጎንበስ አለች፣ በጉልበቷ ምክንያት ብዙ ጊዜ ወሰደባት፣ በሰልባትዮው ሥር ዳበሰችና መዝጊያዋን ራሷ አዞረቻት። ጢቅ ብላ ስትዘጋ ሰማሁ።

"እጁ ያውቃታል" አለች። "ከመጣ ይክፈታት።"

ቀና እንድትል ክንዷን ያዝኩላት። ቀላል ነበረች፣ ልብስ ብቻ የያዝኩ ያህል።

ሞተሯን ሰጥታኝ ሄደች፤ ዛሬ በስሜ ናት። ግቢው ተሸጧል፣ ቁርቁራው ተቆርጧል። ኤዶ ሽንሌ፣ እህቷ ዘንድ ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስደውል ማን እንደሆንኩ ሁለቴ ነው የምነግራት። ልጁ አልመጣም።